ስለ ድምፅና ድምፅ ስለሚሰማበት ክፍል

ሰው ለቤቱ የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ ባሰበ ጊዜ ስለ ስሙና ስለ ዋጋው ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ ኀይሉም ከወዳጆቹ ጋራ ይማከራል። መሣሪያው ስለሚቀመጥበት ክፍል የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከጆሯችን ከሚደርሰው ድምፅ በቀጥታ ከመሣሪያው የሚመጣው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፥ የቀረው በግድግዳና በጣራ፥ በወለልና በመስኮት ተጋጭቶ የተመለሰው ነው። ስለዚህ ክፍሉ እንደ ክራር ገበቴ ድምፅን የሚለውጥ ሁለተኛ መሣሪያ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እኛ ይህን ጕዳይ የመረመርነው በሙዚቃ ፍቅር ሳይሆን በወላጅ አባታችን ምክንያት ነው። አባታችን ብዙ ዘመን የዜማ መምህር ሆነው ያገለገሉ፥ ዛሬ በቤታችን የሚጦሩ ሽማግሌ ናቸው። የማታ ደስታቸው የተቀረጸ የማኅሌት ዜማ መስማት ነውና ሁለት የድምፅ ማጉያ ያለው መሣሪያ ገዛንላቸው። ያመጣውም የሱቅ ሠራተኛ ሁለቱን ማጉያዎች በሳሎኑ ሁለት ጥግ፥ ከግድግዳ አስጠግቶ ተክሎልን ሄደ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬትና ሲሚንቶ፥ ወለሉ ሴራሚክ፥ አንደኛው ወገን ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

አባታችን ሁለት ሳምንት ያህል ካዳመጡ በኋላ ወደ ሳሎኑ መምጣት ተዉ። ባለቤታችን «አባባ፥ ምነው ዜማው አላማረዎትም?» ብላ ብትጠይቃቸው፥ «ዜማውስ መልካም ነው ልጄ፤ ቃሉ ነው የጠፋብኝ። ጆሮዬ ከድቶኛል» አሏት። ዕድሜውን በቃልና በዜማ ላሳለፈ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ቀነሱ፤ ሰው ሊያናግራቸው ሲቀርብም ገና ሳይናገር «አልሰማም» ማለት ጀመሩ።

አንድ ማታ የሳሎኑ መብራት ስለ ተበላሸ መሣሪያውን ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገባነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ፍራሽና ትራስ የሞላበት፥ ጋቢና ካባ በግድግዳው የተሰቀለበት፥ ወለሉም ምንጣፍ የለበሰ ነው። አባታችን ጥቂት እንዳዳመጡ ቀና ብለው «ይህ ዘማሪ ቃሉን ያለ ቦታው ጣለው» አሉ። የዘማሪን ጕድለት ለይቶ የሚያርም ጆሮ የከዳ ጆሮ አይደለም። ኋላም ሐኪም አይቷቸው፥ የመስማት ኀይላቸው ለዕድሜያቸው ደኅና ነው አለ። በርግጥ ሰው ሲያረጅ የሚመላለስ ድምፅ ከወጣቱ ይልቅ ያስቸግረዋል፤ ልጆቻችን በሳሎኑ ሳይቸገሩ የሰሙትን እርሳቸው ያጡት ስለዚህ ነው።

የዚህን ነገር ሥርዓት መጀመሪያ በቍጥር የገለጠው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓመት የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፎግ ሙዚየም የከፈተው አዲስ የትምህርት አዳራሽ የመምህሩ ቃል የማይለይበት ሆኖ ተገኘ። ሳቢን ያን ጊዜ የ27 ዓመት የፊዚክስ መምህር ነበርና መድኃኒቱን እንዲፈልግ ታዘዘ። በዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ ከቆመ በኋላ ጉምጉምታው ከ5 ሰከንድ በላይ ይቈይ ስለ ነበረ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይወድቅ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፥ ጥቂት በጥቂት እየደረደረ፥ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ ጉምጉምታው እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካ ነበር፤ ትራሶቹንም ሳይነጋ ይመልሳቸዋል። ስለ ትራሶቹ ባነበብን ጊዜ የአባታችን ፍራሽና ጋቢ ትዝ ብሎን ሳቅን።

ሳቢን ያገኘው ሕግ አጭር ነው። ክፍሉ የሚይዘው ቦታ በሜትር ኩብ ተለክቶ በ0.161 ይባዛል፤ የተገኘው ድምፅን በሚውጡት ነገሮች መጠን ይካፈላል፤ የሚወጣውም ጉምጉምታው የሚቈይበት ሰከንድ ነው። የመዋጥን መጠን በተከፈተ መስኮት ለካው፤ በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይመጣምና። በ1900 ዓመት የተመረቀው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በርሱ ምክር የተሠራ ነው። የእኛ ሳሎን ርዝመቱ 5 ሜትር፥ ወርዱ 4፥ ከፍታው 2.8 ሲሆን 56 ሜትር ኩብ ይይዛል። በውስጡ ያለው ሁሉ 8 ሜትር ካሬ የተከፈተ መስኮት ያህል ቢውጥ፥ ድምፁ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቈያል፤ 20 ሜትር ካሬ ያህል ቢውጥ ግን ከግማሽ ሰከንድ በታች ይሆናል። የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች፥ ኮርኒሳቸው በተወጠረ አቡጀዲ የተሠራው፥ ለዓይን የማያምሩ ቢሆኑ ለጆሮ ይመቹ ነበር።

እንግዲህ ወለሉን ወፍራም ምንጣፍ አለበስነው፤ በመስታወቱ ላይ ድርብ መጋረጃ ሰቀልን፤ ከመቀመጫው በስተ ኋላም የመጻሕፍት መደርደሪያ አቆምን። ቃሉ ወዲያው ጠራ። ነገር ግን በወፍራሙ ድምፅ ከበሮው እንደ ነጐድጓድ ይጮኽ ነበር፤ የዘማሪዎቹንም ዝቅ ያለ ድምፅ ይሸፍነው ነበር። ምንጣፍና መጋረጃ የሚውጡት ቀጭኑን ድምፅ ነው እንጂ ወፍራሙን እምብዛም አይነኩትም።

ምክንያቱን ለመረዳት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ድምፅ የተማርነውን ማስታወስ አስፈለገን። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በባሕር ዳርቻም በደጋም ያው ነው፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው እንጂ ከፍታ አይደለም። በሰከንድ 34 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ 5 ሜትር፥ ማለት የሳሎናችን ርዝመት ነው። እንዲህ ያለው ሞገድ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል፤ በግድግዳው አጠገብ ይበረታል፥ በክፍሉ እኩሌታ ይሞታል። በወርዱ በኩል ደግሞ 43 ንዝረት ያለው ድምፅ እንዲሁ ይሆናል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ክፍል ሁለቱ በአንድ ድምፅ ላይ ይገናኙና ያ ድምፅ ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል፤ ለሙዚቃ የሚከፋው ክፍል አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነው ነው።

የማጉያው ቦታም የዚያኑ ያህል ነገር ይለውጣል። ጥግ ማለት ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ነውና፥ ወፍራሙ ድምፅ በሦስቱም ተመልሶ ወደ ፊት ይገፋል። የሱቁ ሠራተኛ የተከለልንም በዚሁ ቦታ ነው። አንባቢ ሆይ፥ መልካሙን ቦታ ለማግኘት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ማጉያውን ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አኑሮ ወፍራም ድምፅ ያለበትን ዜማ ማሰማት፥ ከዚያም ጐንበስ ብሎ ማጉያ ሊቆምባቸው በሚችሉት ቦታዎች እየተዘዋወሩ ማድመጥ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በተስተካከለበት ስፍራ ማጉያውን ቢተክሉ በወንበሩም ላይ እንዲሁ ይሰማል። የቤተ ሰብ አለቃ በምንጣፍ ላይ ሲድኽ ልጆች ማየታቸው ጥቂት ክብር ይቀንሳል፤ የሚያስገኘው ግን ይበልጣል። ሁለቱ ማጉያዎችና አድማጩም በእኩል ርቀት ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ ዘማሪው በመካከል የቆመ ይመስላል፤ የሁለት ማጉያን ጥበብ አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ በ1931 ዓመት የባለቤትነት መብት የጠየቀበት ለዚሁ ነው።

እኛ ማጉያዎቹን ከኋላ ግድግዳ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ከጐን ግድግዳ ከ1 ሜትር በላይ አራቅናቸው። በዚህ ጊዜ ከባለቤታችን ጋራ ክርክር ተነሣ፤ «እንግዳ በየት በኩል ይለፍ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻ ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አደረግን፤ እንግዳ ሲመጣ ማጉያዎቹ ወደ ግድግዳ ይጠጋሉ፥ አባታችን ሲያዳምጡ ወደ ምልክታቸው ይመለሳሉ። የአባታችንም ወንበር ከኋላ ግድግዳ ፈቀቅ ብሎ፥ ግን ከክፍሉ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ተቀምጧል። ዛሬ ማታ ማታ ከታናሹ ልጃችን ጋራ ተቀምጠው ዘማሪውን ያርማሉ፤ ልጁም መጓደድ ጀምሯል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ሙዚቃ ብቻ አይደለም። ሥራችን የችሎት ጸሐፊነት ነው፤ በምንሠራበት አዳራሽ ጣራው ከፍ ያለ፥ ግድግዳው ራቁቱን፥ ወለሉ ጠጣር ነው። ምስክር «አይቼዋለሁ» ይበል «አይቻታለሁ» ለመለየት የሚያስቸግርበት ቀን አለ፤ በአማርኛ ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ሁለት ፊደል ነው፥ በእነዚያ ፊደላት ግን ሰው ይፈረድበታል ወይም ይለቀቃል። ጸሐፊው «ድገሚው» ሲላት አንዲት ባላገር ሦስት ጊዜ ትደግማለች፤ በሦስተኛው ያልታመነች መስሏት ድምፅዋ ይቀንሳል፥ ዳኛውም ያመነታች ይመስለዋል። መጋረጃ እንዲሰቀል፥ ወለሉም ምንጣፍ እንዲለብስ በደብዳቤ አመልክተን መልሱን እንጠባበቃለን። እስከዚያው የጸሐፊውን ጠረጴዛ ከምስክሩ መቆሚያ በ2 ሜትር ርቀት ላይ አስጠግተነዋል።