ስለ ገና ጨዋታና ስለ አባት ቁጣ

አባት ልጁን ሲያስተምር ሁለት ነገር አብሮ ያስተምራል። አንደኛው በአፉ የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው በተናደደ ጊዜ የሚታይበት ጠባይ ነው። ልጅ የፊተኛውን ቶሎ ይረሳዋል፤ የኋለኛውን ግን እስኪሸብት ድረስ ይዞት ይኖራል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአሜሪካ አገር ከሚኖረው የእኅቴ ልጅ የመጣልኝ ደብዳቤ ነው።

በዚያ አገር ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ትንሽ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ሦስት ጊዜ የሳተ ዱላውን አስቀምጦ ይወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 በፔንስልቬንያ፥ ዊልያምስፖርት በምትባል ከተማ፥ ለልጆች ብቻ የሚሆን የቤዝቦል ማኅበር ተመሠረተ። ልጆቹን የሚያስተምሩትም ብዙ ጊዜ ደመወዝ የማይቀበሉ አባቶቻቸው ናቸው። የእኅቴም ልጅ ከነዚህ አባቶች አንዱ ስለ ሆነ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤

«አጎቴ ሆይ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄንና ጓደኞቹን ጨዋታ የማስተምር እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሦስት ጊዜ ሳተ፤ እኔም በሰው ፊት ጮኽሁበት። ወደ ቤታችን ስንመለስ በመኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፤ ጸሎትም አላስታጕልም፤ ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ክርስትናዬ የት እንደሚሄድ አላውቅም። እባክዎ ይምከሩኝ።»

እኔ ቤዝቦል የሚባለውን በዐይኔ አላየሁም። ነገር ግን ዱላና ኳስ፥ አባትና ልጅ፥ ቁጣና ጸጸት በእኛም አገር አሉና፥ በራሴ የደረሰውን ጽፌ መለስሁለት። ያንኑ በዚህ ገጽ ማውጣቴ፥ እንደ እኔ የበደለ ሌላ አባት ቢኖር ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

የምኖርባት አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማቻክል ከተማ ናት። በታኅሣሥ ወር አጨዳው ሲያልቅና ማሳው ባዶ ሲሆን፥ ልጆች የገና ዱላ ፍለጋ ይወጣሉ። ጫፉ የቆለመመ እንጨት ያገኘ ዕድለኛ ነው፤ ያላገኘ ግን እርጥቡን እንጨት በእሳት እያሞቀ ያጎብጠዋል። ዱላውም ራሱ ገና ይባላል። እሩሩ ከእንጨት ይጠረባል፤ ወይም ከጠፍር ይሠራል። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው እሩሩን ወደ ባላጋራቸው ድንበር እየመቱ ይነዱታል። የሰው ቍጥር አይወሰንም፤ ሜዳውም በልክ አይለካም።

አበው ይህን ጨዋታ ከቤተ ልሔም እረኞች ጋራ ያያይዙታል። እረኞቹ የመድኀኒታችንን መወለድ ከመልአኩ በሰሙ ጊዜ፥ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ ይላሉ። ስለዚህም በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ፥ በጨዋታው የተመታም ቂም እንዳይዝ የሚያዝዝ የቆየ ልማድ አለ። አለቃና ጭፍራ፥ ሀብታምና ደሀ በአንድ ሜዳ ሮጠው በአንድ አቧራ የሚለብሱበት ቀን ነው። የደስታው ቀን የቁጣ ቀን እንዳይሆን አባቶቻችን አስቀድመው የሠሩት ሕግ ይህ ነው። እኔም ያፈረስሁት ይህንኑ ሕግ ነው።

የአማኑኤል በዓል በየወሩ በ28 ቀን ይውላል፤ ልደት ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን፥ ያለፈው ዓመት ጳጕሜን 6 ቀን ስለምትሆን፥ ልደት በ28 ይውላልና ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ይገናኛሉ። 2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበረ። በስሙ በተጠራች ከተማ ይህ ቀን እንደ ምን ያለ ደስታ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

የመጨረሻው ልጄ በዚያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበረ። ጾመ ነቢያት ከገባበት ቀን ጀምሮ፥ እሱንና የሰፈራችንን ልጆች ወደ ማታ ከከብት ጥበቃ ሲመለሱ በመስኩ ላይ አስተምራቸው ነበር። ዱላን ከጕልበት በላይ እንዳያነሡ፥ ከመምታታቸው በፊት በአጠገባቸው ያለውን ሰው እንዲያዩ፥ እሩሩን ለብቻ ይዞ ከመሮጥ ለባልንጀራ ማቀበል እንዲሻል ነገርኋቸው። ትምህርቱ መልካም ነበረ። ባልንጀራን መውደድ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጅና በእግርም የሚለመድ ነገር ነውና። ነገር ግን ሳላስተውለው በልቤ ውስጥ ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። ይኸውም፥ ልጄ አሳምሮ ሲመታ አላፊ አግዳሚው «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት መውደዴ ነው።

በዓሉም ደረሰ። ሌሊቱን ተቀድሶ፥ ጾሙ ተፈትቶ፥ ሕዝቡ ጥቂት ካረፈ በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች በሜዳው ተገናኙ። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ከዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ በተቃረበች ጊዜ እሩሩ ከግርግሩ መካከል ወጥቶ በልጄ ፊት ቆመ። እስከ ድንበሩ የቀረው ጥቂት እርምጃ ነበረ፤ የሚከለክለውም ሰው አልነበረም። ዱላውን ሰነዘረ፤ ሳተ፤ አፈሩን ብቻ አቦነነው።

እኔም ከሜዳው ዳር ሆኜ በታላቅ ድምፅ ሰደብሁት። የተናገርሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ አባት ለልጁ፥ ይልቁንም ስብሐት ለእግዚአብሔር ሲል ያደረ አባት፥ በማግስቱ ሊናገረው የማይገባ ነው። ሰው ሁሉ ሣቀ። የልጄ ፊት ተለወጠ። እሩሩ ዳግመኛ ወደ እሱ በመጣ ጊዜ፥ ያስተማርሁትን ሁሉ ረስቶ ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣው። ሲያወርደውም በአጠገቡ የነበረውን ልጅ ግንባር አገኘው። የተመታውም አባቱ የሞተበት፥ እናቱ ጠላ ጠምቃ የምታሳድገው የጎረቤታችን ልጅ፥ የገዛ ወገናችን ነበረ።

አሁን የምናገረው ከስድቡ የከፋ ነው። የልጁ ደም ሲወርድ አየሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፥ ዐይኔ በመጀመሪያ የተከተለው ግን እሩሩን ነበረ፤ ድንበሩን አልፎ እንደ ሆነ ለማየት። ልጄ ዱላውን ጥሎ፥ ነጠላውን አውልቆ፥ የባልንጀራውን ግንባር አሰረለት፤ ደግፎም እስከ ቤቱ አደረሰው። በዚያ ሜዳ ላይ የክርስቲያን ሥራ የሠራ የተሰደበው ልጅ እንጂ ተሳዳቢው አባት አልነበረም።

ማታ ዶሮ ወጡ ቀረበ፤ ልጄ ግን እጁን አልዘረጋም። እናቱ ብትለምነው እንቢ አለ። እኔም «ስለ ልጁ አትዘን፤ ቍስሉ ቀላል ነው» አልሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፥ «አባባ፥ እርስዎ ሲጮኹብኝ እሩሩ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ ዐይኔ የሚያየው ነገር አልነበረም» አለኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎጃም ዋሸራን፥ ጎንጅን፥ ዲማን፥ ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ ቦታዎች ያሉበት አገር ነውና፥ እኔም በልጅነቴ አኵፋዳዬን አንግቼ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። ጀማሪ ሳለሁ፥ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ቀኑን ሙሉ በጫካ ስቆጥር ውዬ፥ ማታ በየኔታ ፊት ቆሜ ነገርሁ። ቃሉ ቢሞላም ምሥጢሩ ፈረሰብኝ። ጓደኞቼ ሊሥቁብኝ ሲሉ የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ኋላም ለብቻዬ ጠርተው፥ «ቤቱ ሞልቷል፤ ምሥጢሩ ገና ነው። ነገ ይዘኸው ና» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱም ይዤው ሄድሁ። በጉባኤው መካከል ተሰድቤ ቢሆን ኖሮ፥ ያን ዕለት አኵፋዳዬን አንጠልጥዬ ወደ አገሬ እመለስ ነበር። ያን ትዕግሥት የተቀበልሁ እኔ፥ ለልጄ ግን አልሰጠሁትም።

እነሆ፥ በቋንቋችን ገና የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይይዛል። የጌታችን ልደት ገና ነው፤ የሚጫወቱበትም ዱላ ገና ነው፤ ጊዜው ያልደረሰም ነገር ገና ነው። ልጄም ገና ነበረ። ዓለምን የፈጠረ ጌታ በግርግም ተኝቶ፥ እንደ ማንኛውም ሕፃን ቀስ በቀስ ማደግን ካልናቀ፥ እኔ የልጄን ማደግ መጠበቅ ስለ ምን አቃተኝ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዝዟል። ይህም ልጅ አይገሠጽ ማለት አይደለም፤ ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ባለመከልከሉ እንደ ተፈረደበት እናውቃለንና። ነገር ግን ተግሣጽና ስድብ በድምፅ ቢመሳሰሉም በምንጫቸው ይለያያሉ። ተግሣጽ ለልጁ ጥቅም ይነገራል፤ ስድብ ግን ለአባቱ ክብር ይነገራል። እኔ በዚያ ቀን የጮኽሁት ልጄ ስለ ሳተ አልነበረም፤ ስሜ ስለ ሳተብኝ ነበረ።

ሲነጋ ከልጄ ጋራ ወደ ጎረቤታችን ሄጄ እናቲቱን ይቅርታ ለመንሁ። እርስዋም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ አስገባችን። ከዚያም ልጆቹን ሰብስቤ፥ በሰው ፊት የሰደብሁትን ልጄን በነሱው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። አባት ልጁን ይቅርታ ቢለምን ክብሩ ይወድቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የወደቀ ክብር አላየሁም። ያየሁት ልጄ በዚያ ቀን እራቱን መብላቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ ሕግ ሠራሁ። ጨዋታው ሳያልቅ ከዳር ሆኜ ቃል አልናገርም። የሳተውን ልጅ በማግስቱ ለብቻው ጠርቼ አንድ ነገር ብቻ አርመዋለሁ። ወገን ሲከፈል መጨረሻ የሚቀረውን ልጅ በመጀመሪያ እጠራዋለሁ። ይህን በማድረጋችን አሸነፍን ብዬ አልዋሽም፤ በ2013 ዓ.ም. ገና ተሸንፈናል። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ልጆቹ አሸናፊዎቹ የገጠሙባቸውን ግጥም ራሳቸው እየደገሙ ይሥቁ ነበር። ልጄና ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ጓደኛው ብርዱን በአንድ ጋቢ ተከልለው ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

ለእኅቴም ልጅ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፤ «አስቀድመህ ልጅህን ይቅርታ ለምነው። በሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ቢስት በመንገድ ላይ ስለ ጨዋታው አታንሣበት፤ ርቦት እንደ ሆነ ግን ጠይቀው። በዚያ ሜዳ ላይ ክርስትናዬ የት ይሄዳል ላልኸው፥ የትም አልሄደም፤ እሱም እንደ ልጅህ ገና ነው። የእኔም በ56 ዓመቴ ገና ነው። እግዚአብሔር ሁላችንንም ያሳድገን።»