የዓሣ ውፍረት ስለ ወንዙ ምን ይናገራል?

በመስቀል ሰሞን፣ በቶሮንቶ የሐምበር ወንዝ ዳር፣ ከኦልድ ሚል ድልድይ ከፍ ብሎ ሰው ተደርድሮ ዓሣ ሲዘል ይመለከታል። የሚዘለው ለመራባት ከኦንታሪዮ ሐይቅ ሽቅብ የተነሣ ቺኑክ ሳልመን ነው። ተመልካቹ «እንዴት ወፍሯል!» ይላል። የዓሣ ተመራማሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሚዛንና ሜትር ይዞ መምጣቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በግራም የተመዘነው ክብደት በ100 ተባዝቶ፣ በሴንቲሜትር ለተለካው ርዝመት ኪዩብ ይካፈላል። 30 ሴንቲሜትር ረዝሞ 270 ግራም የሚመዝን ዓሣ ውጤቱ 1 ነው። ኪዩቡ የገባው፣ ቅርጹን ሳይለውጥ በርዝመት እጥፍ ያደገ ዓሣ በክብደት ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ነው።

ቁጥሩ ግን ያታልላል። ወደ ወንዝ የምትወጣ እንስት ሆዷ በእንቁላል ስለሚሞላ ውጤቷ ከፍ ይላል፤ የተመዘነው ስብ ብቻ አይደለም። ቺኑክ ደግሞ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ ያቆማል፤ የገዛ አካሉን እየጨረሰ ይከሳል፣ ከተራባ በኋላም ይሞታል። ወሩ ያልተጻፈበት ልኬት ስለዚህ እምብዛም አይረባም።

የዚህ ማታለል ዋጋ በጣና ታይቷል። በሐይቁ ወደ 15 የሚጠጉ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ መሳሰሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ ወዲህ፣ አጥማጁ በየወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው በዚሁ ወቅት ነበር። መረቡ የሚያወጣው ትልልቁንና እንቁላል የተሸከመውን ነው። ገበያው ይህን ሲያይ ሐይቁ ጠግቧል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ሆኖም ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ። ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ ዓሣ የጎደለውን ቶሎ አይተካም። ከሞት የተረፈው ጥቂት ደግሞ ምግብ ስለሚተርፈው ሊወፍር ይችላል።

ሐምበርም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ቺኑክ ከፓስፊክ ወገን የመጣ እንግዳ ነው፤ ሰዎች ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ በብዛት የጨመሩት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የሐይቁ ነባር የአትላንቲክ ሳልመን ግን የወፍጮ ግድቦች መንገዱን ዘግተውበት፣ ደኑ ተመንጥሮ፣ ያለ ልክም ተጠምዶ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ጠፍቷል። የሚዘለውን እያየ ወንዙ ደኅና ነው የሚል ሰው፣ የሚያየው የተተካውን ነው።

በጣና ጉዳይ ማስጠንቀቂያው ከሚዛን ይልቅ ከጫጩቶቹ ነበር የመጣው፤ የእነርሱ ቁጥር ከትልልቆቹም ይበልጥ ወርዶ ተገኝቷል።