“ስንተኛ ወጣሽ?” ብቻ አይበቃም

“ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን አይገኝም። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም እንዲል፣ በልጅ ቃልም ብዙ እንዳይታመን ተምረን አድገናል። እኔም የሰው አስተያየት ስጠይቅ የምውል ጋዜጠኛ ሆኜ ሳለ፣ በገዛ ቤቴ ያለችውን የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ሳልጠይቅ መኖሬን ያወቅሁት በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ከፒያሳ የገዛሁትን ዳቦ እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን የተማሪዎች አስተያየት መስጫ ቅጽ ስትሞላ አገኘኋት። “መምህሬ በሚገባኝ መንገድ ያስተምራሉ”፣ “በክፍል ውስጥ ለመጠየቅ አልፈራም” የሚሉ ሃያ ያህል ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። ልጅቱ አንዱንም ሳታነብ “በጣም እስማማለሁ” በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች ምልክት ታደርጋለች።

“ምነው ልጄ፣ ሳታነቢ?” አልኋት።

“አምና አንብቤ ነበር እማዬ። ከኋላ ስለምቀመጥ ሰሌዳው አይታየኝም፣ ስጠይቅም ልጆቹ ይስቁብኛል ብዬ ጻፍሁ። ማንም ምንም አላለኝም” አለችኝ።

እናቶች ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እናንተ ታውቁታላችሁ። አምና በሒሳብ ዝቅ ስትል ተቆጥቻት ነበር። ከደመወዜ ቀንሼ አስጠኚ ቀጥሬላት ነበር። ሪፖርት ካርድ በመጣ ቁጥር ከአፌ የሚወጣው “ስንተኛ ወጣሽ?” የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ግን ልጄ በገዛ እጅዋ ጽፋ ሰጥታለች፤ የሚያነብላት ጠፍቶ ዓመቱ አለፈ። በዚያው ሳምንት ዓይኗን አስመረመርሁ፤ መነጽር ታዘዘላት።

ተማሪን አስተያየት መጠየቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን እንዲገመግም፣ ለዚህም መምህራንን፣ ወላጆችንና ተማሪዎችን እንዲጠይቅ ያዛል። ግምገማው የሚያተኩረውም በአራት ጉዳዮች፣ ማለትም በመማር ማስተማሩ፣ በምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ላይ ነው።

ሳይጠይቁ መወሰን የሚያስከትለውንም ከታሪካችን እናውቃለን። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው፣ ሕዝቡ “ሴክተር ሪቪው” እያለ የሚጠራው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ መምህራንንና ወላጆችን በሚገባ ሳያማክር የተዘጋጀ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም አጉረመረሙ፤ ዕቅዱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ልጆች በእርግጥ ሲጠየቁ ደግሞ ተቆጣጣሪ የማያየውን ይናገራሉ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው “ያንግ ላይቭስ” የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ያሉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የስምንት ዓመት ልጆች ሲጠየቁ፣ በአገራችን ከ100ው 38 ያህሉ ባለፈው ሳምንት በመምህር መመታታቸውን ተናግረዋል። ይህ የሆነው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆንን መብት ለሕፃናት ከሰጠ ከዓመታት በኋላ ነው። ልጆቹ ባይጠየቁ ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?

ወደ ልጄ ነገር ልመለስ። ስሙን ወደማልጠቅሰው፣ አራዳ ውስጥ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ሄጄ የክፍል ኃላፊዋን መምህርት አነጋገርሁ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። እርሳቸው ግን፣ “ይመኑኝ፣ ቅጹ እኔ ዘንድ አይመለስም። የሚነገረኝ ያገኘሁት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡ ዝቅ ካለ እወቀሳለሁ፤ ልጆቹ ምን እንደ ጎደላቸው ግን አላውቅም” አሉኝ። በዚህ ጊዜ ቁጣዬ በረደ። ለካ ወረቀቱ መምህሩን መመዘኛ እንጂ ትምህርቱን ማረሚያ አልሆነም! እንዲህ ከሆነ መምህሩ ይፈራዋል፣ ተማሪውም ይሰለቸዋል።

መምህርቷ ግን በዚያ አልተዉትም። ዓርብ ዓርብ ለተማሪዎቻቸው ስም የማይጻፍበት ግማሽ ገጽ ይሰጣሉ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ በዚህ ሳምንት ያልገባህ ምንድን ነው? እንዲገባህ የረዳህስ? ሰኞ ጠዋት ያነበቡትን ለክፍሉ ይነግራሉ፤ የሚለውጡትንና መለወጥ የማይችሉትንም ከነምክንያቱ ያስረዳሉ። በዚህም የተነሣ መቀመጫ በየወሩ በተራ ይዞራል፤ የሰሌዳው ጽሑፍም ጎላ ብሏል። አንድ ልጅ ደግሞ ቤታችን ሩቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኛል ሲል ጻፈ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ ወደ ከተማው ዳር ከሄዱት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ሒሳብ ስለ ነበር፣ መምህርቷ አስተዳደሩን ጠይቀው በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አዛወሩት።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አላስወጣም፤ ሆኖም ሁሉን አላቃናም። ክፍሉ ዛሬም የተጨናነቀ ነው፤ ልጄም በሒሳብ ገና ብዙ ይቀራታል። ነገር ግን ትጠይቃለች። አሁን የዓርቡን ወረቀት የምትሞላው እርሳሷን እየነከሰች፣ እያሰበች ነው።

እንግዲህ እናንተም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ። “ባለፈው ልጆቻችን በሞሉት ቅጽ ምን ተገኘ? ምንስ ተለወጠ?” ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። መምህሩን ለመክሰስ ሳይሆን ለማገዝ መሆኑንም አስረዱ። ማታ ደግሞ ቤታችሁ ስትገቡ፣ የቱንም ያህል ቢደክማችሁ፣ “ዛሬ ያልገባሽ ምንድን ነው?” በሉ። ከዚያም መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። እኔ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።