አሥራ ሁለት ብልት በአንድ ሳህን

መቼም እኛ ዘንድ ዶሮ ማለት ወጥ ነው። እሱም ትኩስ፣ ቀይ፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ። ዶሮ ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ከማንጎ ጋር ደባልቆ ማቅረብ በእንግዳ ላይ መቀለድ ይመስላል።

እዚህ ፔዳ ግን ሚያዝያና ግንቦት ሲገባ ቀልዱ ይቀርና ነገሩ ቁም ነገር ይሆናል። ሙቀቱ የጣናን ነፋስ እንኳ አይሰማም። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ማንጎው በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። ወጡን ደግሞ በፋሲካ ጠግበነዋል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ዶሮዋ እንደ ወጉ በሎሚና በጨው ትታጠብና ከሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ትቀቀላለች፤ የሐበሻ ዶሮ ከሆነች ትዕግሥት ትፈልጋለች። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ይከተፋል። ጠንከር ያለ ማንጎ፣ ኪያርና የተቆላ ኦቾሎኒ ይጨመርበታል። ውኃው በተንጠፈጠፈ እርጎ፣ በሎሚ ጭማቂና በቁንጥር ሚጥሚጣ ይለወስና ማቀዝቀዣ ይገባል። መብራት ከሄደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የተቀቀለ ዶሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ ከአንድ ሰዓት።

"ቀዝቃዛ ዶሮ ለክብር እንግዳ?" የሚለኝ አይጠፋም። በ1953 እ.ኤ.አ. ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትደፋ ለውጭ እንግዶች የቀረበው ቀዝቃዛ ዶሮ ነበር፤ ቅመምና አፕሪኮት የገባበት። አስቀድሞ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ ለብዙ እንግዳ ይመቻል።

የእኛ ችግር ቅዝቃዜው አይደለም፤ ብልቱ ነው። አሥራ ሁለቱ ብልቶች የቤቱ ሕገ መንግሥት ናቸው። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ መላላጫው ለእንግዳው፣ ቅልጥሙ ለተከበረው ይታደላል። ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ የዋለችው እናት ግን አንገትና ክንፍ ይዛ ጓዳ ትቀራለች። "እኔ አንገት ነው የምወደው" ትላለች። እኛም አምነን እንበላለን! ሰላጣው ይህን ሕግ ያፈርሳል። ፍርምባውም ክንፉም አብሮ ከተከተፈ ማን ከማን ይበልጣል?

አንድ እሑድ ለአማቴ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። ሳህኑን አገላብጠው አዩና፣

"ፈረሰኛው የታል ልጄ?" አሉኝ።

"ሁሉም ውስጡ አለ እማማ፤ ተከትፎ ነው።"

"ታዲያ ማን ምን እንደ ደረሰው በምን ይታወቃል?"

"አይታወቅማ! ለሁላችንም እኩል ነው።"

ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ "እኔ እኮ ብልት ሳድል ነው የቤቱን ሰው የምቆጥረው። አንዱ ብልት ሲተርፍ ማን እንደ ቀረ አውቃለሁ" አሉ። ከልጆቻቸው ሁለቱ በስደት ናቸው።

ይህን በዶሮ ወጥ ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ያየሁት አድልዎውን ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያው ድስት የቀሩትን ያስታውሱበታል። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ ጓዳ የሚቀረው አንገት ይቅር እላለሁ፤ ማደሉ ግን አይቅር። ሰላጣውን ማንም ይሥራው፣ ማንኪያው ለእናት ይሰጥ። ስማችንን እየጠሩ፣ የራቁትንም እያነሱ ያድሉን። አንድ ነገር ብቻ እንለምናቸው፦ መጀመሪያ ለራሳቸው ያውጡ።