የተዋናይ ሀብቱ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ዕድሜው ሲገፋ ዞር ብሎ የሠራውን ማየት ይወዳል። ግንበኛው ያቆመውን ቤት፣ ሸማኔው የሠራውን ጋቢ፣ ገበሬው የተከለውን ዛፍ አይቶ «ይህ የእጄ ሥራ ነው» ይላል። በእኛም አገር በግራና ወንዝ ዳር የሚኖር ሽማግሌ፣ ጉልበቱ ቢደክም እንኳ፣ በወጣትነቱ ከተከለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ ፍሬውን ያስለቅማል። ተዋናይ ግን ዞር ብሎ ሲያይ ምን ያያል? መጋረጃው ሲዘጋ ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ፣ ሽማግሌው ጢሙን ነቅሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። ያ ሁሉ የተደከመበት ነገር እንደ ጉም ተኖ ይጠፋል። እንግዲህ አርባና አምሳ ዓመት በመድረክ ላይ የኖረ ሰው በስተርጅናው «ሀብቴ ይህ ነው» ብሎ የሚያሳየው ምን አለው?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለመራቀቅ ብዬ አይደለም። ዘንድሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ወደ ፊት ምን እንደምማር መቍረጥ አለብኝ። የእኔ ልብ ያለው ቴአትር ላይ ነው። አባቴ ደግሞ የጤና ትምህርት እንድማር ይፈልጋል። አሳቤን ብነግረው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ልጄ፣ በጨዋታ ማን ከበረ? አዝማሪ ሲያረጅ ማን ይጦረዋል?» አለኝ። አባቴ ብርቱካኑን ውኃ እያጠጣ እኛን ያሳደገ ሰው ነውና ንግግሩ ከፍቅር እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም። ስለዚህ መልስ ለመስጠት ሳልቸኵል፣ ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን ሰዎች ታሪክ መመርመር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ የተረዳሁት፣ የአባቴ ንግግር አዲስ አለመሆኑን ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ሲከፈት፣ በመድረክ ላይ የሚወጣ ሁሉ «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ለሴትማ ከነውርም በላይ ነበርና በቀድሞው ጊዜ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህን ግድግዳ ካፈረሱት ቀደምት ሴቶች አንዷ ክራር ደርዳሪዋ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። እሳቸው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ አገር እንደ እናት አለቀሰላቸው። ስድቡ ተረሳ፤ ስማቸው ግን ቀረ።

ሁለተኛም፣ ቴአትር ሥራ ፈት የሚውልበት ጨዋታ ሳይሆን ትምህርት መሆኑን ተረዳሁ። አቶ ተስፋዬ ገሠሠ ቴአትር ለመማር እስከ አሜሪካ ድረስ ሄደው፣ ተመልሰው ሁለቱንም ታላላቅ ቴአትር ቤቶች በየጊዜው መርተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1970 ዓ.ም. ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱም ሙያውን በሀንጋሪ አገር ተምረዋል። አቶ ደበበ በ1965 ዓ.ም. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የውጭ አገር ፊልም እስከ መጫወት ደርሰዋል፤ በኋላም በፖለቲካ ምክንያት እስር ቤት ገብተው ወጥተዋል። አቶ ተስፋዬ በታኅሣሥ 2013፣ አቶ ደበበ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ የሚታየውም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ተዋናይ አዲስ አበባ ቆሞ ሲናገር ግራና ላይ ያለች ባልቴት ታለቅሳለች። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አንጋፋ ተዋንያን በቴሌቪዥን ቀርበው ያለፈ ሕይወታቸውን ሲያወሩ ባዳመጥሁ ቍጥር አንድ ነገር አስተውላለሁ፤ ከሽልማቱ ይልቅ ፊታቸው የሚበራው ስለ ሥራ ጓደኛቸውና ስለ ተመልካቹ ሲናገሩ ነው። እኔም በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ አንድ ሽማግሌ ሆኜ በተጫወትሁ ጊዜ ጥቂቱን ቀምሻለሁ። ልጁ የሞተበት አባት ሆኜ ዝም ባልሁበት ቦታ አዳራሹም አብሮኝ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከጭብጨባው ይልቅ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ለጥያቄዬ መልስ የሰጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ተቀመጠ። አንድ ጎረቤታችን ግን በፀሐይ ኀይል በሚሞላ ስልኩ ላይ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ እንዳነበቡት ቀድቶ ይዞ ነበር። ማታ ማታ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ደጃፍ ተሰብስበን ድምፁን ቀንሰን እናዳምጥ ነበር። ወጋየሁ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጎልማሳነታቸው ያረፉ ሰው ናቸው፤ እኔ አላየኋቸውም፤ እሳቸውም ግራናን ማየታቸውን አላውቅም። ነገር ግን በዚያ የፍርሃት ወራት ስንት ቤተ ሰብ አጽናንተዋል! አያቴም ከዚያው ተነሥቶ፣ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠራ በብሔራዊ ቴአትር ያየውን አንድ ጨዋታ ተረከልን። የተዋናዩን ስም ረስቶታል፤ ሰውየው እንዴት እንደ ወደቀና እጁ እንዴት እንደ ተንቀጠቀጠ ግን ተነሥቶ አሳየን።

እንግዲህ የተዋናይ ሀብት ያለው በእጁ ሳይሆን በሰው ልብ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ገበሬ በመሬት ይዘራል፤ ተዋናይ በሰው ላይ ይዘራል። አዝመራውንም ብዙ ጊዜ ራሱ አያየውም።

ይህን ስል የአባቴን ስጋት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቴዎድሮስንና ሌሎችንም ነገሥታት በመድረክ የተጫወቱት ታላቁ ተዋናይ ፍቃዱ ተክለ ማርያም በኩላሊት ሕመም ተሠቃይተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ለማሳከሚያቸው ገንዘብ ሲለመንላቸው እንደ ነበረ አገር ያስታውሳል። በመድረክ ንጉሥ የነበረ ሰው ለሕክምናው የሕዝብ ምጽዋት ሲጠብቅ ማየት ያሳፍራል። እፍረቱ ግን የሙያው ሳይሆን የእኛ የተመልካቾቹ ነው። ባለሙያ ሲሞት ሐውልት ከማሰብ፣ በሕይወቱ ሳለ ጡረታና ሕክምና ማሰብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ማታ ለአባቴ አስረዳሁት፤ ፈተናውን ካለፍሁም ቴአትር መማር እንደምፈልግ ነገርሁት። አባቴ እሺም እምቢም አላለኝም። «የተጀመረ መስኖ በመካከል ቢተዉት ማሳውንም ቡቃያውንም ያበላሻል። ከጀመርኸው እንዳትተወው» አለና ወደ መኝታው ሄደ። እኔም ይህን ቃል እንደ ምርቃት ተቀብየዋለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ቴአትር የሚማር ምናልባት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም። ተመልካች ግን ሁላችንም ነን። የትምህርት ቤታችን ድራማ ሲታይ ጓደኛችሁ ዝም ባለበት ቦታ ዝም በሉለት። በየቤታችሁም ያሉትን አረጋውያን በዘመናቸው ያዩትን ጨዋታ ጠይቋቸው። ያ ሁሉ ሀብት ያለው እነሱ ዘንድ ነውና፣ ሳያልፍ እንረከበው።