የፀሐይ ስንቅ

በከተማ ሳለን የመብራት ነገር እምብዛም አያሳስበንም፤ ማብሪያውን ስንጫን ይበራል፣ ልኩንም የምናስታውሰው ሒሳቡ ሲመጣ ብቻ ነው። በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ምድረ በዳ፣ ኳርትዝሳይት ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በብርዱ ወራት ቤት ሆኖ በተሠራ መኪና በሰፈርን ጊዜ ግን ኤሌክትሪክ እንደ መንገደኛ ስንቅ የሚመጠን ነገር መሆኑን ተረዳን።

በጣራችን ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ሰሌዳ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ተሠርቶ ለሕዝብ የታየው የሲሊከን ሥራ ዘር ነው። ኀይሉ 400 ዋት ስለሆነ፣ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰጠው ከ2,000 ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ አቧራውና የታኅሣሥ ፀሐይ ማዘቅዘቅም ይቀንሱታል። ይህም ለማቀዝቀዣውና ለመብራቱ ይበቃል፤ 1,500 ዋት የሚበላ ማሞቂያ ግን ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ደመናው ሦስት ቀን በሰነበተ ጊዜ ባትሪው ደከመ። የእናታችን ኢንሱሊን በማቀዝቀዣው ውስጥ ነበረና ጄኔሬተር ማስነሣት ግድ ሆነ። ዝናቡን ፈርተው «በመስኮቱ ሥር እናስጠጋው» ያሉ ከመካከላችን ነበሩ፤ ነገር ግን ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ የሚገድል መርዝ ነው። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ መታገሥን መረጥን። እናታችንም መብራቱን ሁሉ አስጠፍተው፣ «የቀረችው ኀይል ለመድኃኒቱ ትሁን» አሉ፤ በጨለማ ተቀምጠን ስንጫወት አመሸን። ዝናቡ ሲያባራ ጄኔሬተሩን ከ6 ሜትር በላይ አርቀን፣ ጭሱንም ከሰፈሩ አዙረን አስነሣነው።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው የአባቶች ምክር ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለብርሃንም ይሠራል።