ርኅራኄ ማዘን ብቻ ነውን?

በአማርኛችን የሰው መከራ የሚሰማን በአንጀታችን ነው። «አንጀቴን በላው» እንላለን። ዳሩ ግን አንጀታችን ከተበላ በኋላ እጃችን ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስብኝ ቆይቶ፥ ስለ ሕንድ ሃይማኖቶች ሳነብ የዚያ አገር ሊቃውንትም ከጥንት ጀምረው እንዳሰቡበት ተረዳሁ።

ከሂንዱዎች ልጀምር። ብሪሃዳራኒያካ በሚባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ እንደ ተተረከው፥ ፕራጃፓቲ አማልክት፥ ሰዎችና አጋንንት የሆኑ ልጆቹን ካስተማረ በኋላ ለሁሉም «ዳ» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ሰጣቸው። አማልክቱ ራሳችንን እንድንገዛ ነው አሉ፤ ሰዎቹ እንድንሰጥ ነው አሉ፤ አጋንንቱ ደግሞ እንድንራራ ነው አሉ። በሳንስክሪት ሦስቱም ትእዛዛት በ«ዳ» ይጀምራሉና ሁሉም ልክ ሆኑ። እኔን የገረመኝ እያንዳንዱ ወገን የጎደለውን መስማቱ ነው። እንግዲህ ርኅራኄ ልቡ ለለሰለሰ ሰው የተሰጠ ጌጥ ሳይሆን ለጨካኙ የታዘዘ ሥራ ነው።

በባጋቫድ ጊታ ደግሞ አርጁና ዘመዶቹ ለጦርነት ተሰልፈው ቢያይ አዝኖ ቀስቱን ጣለ፤ ክሪሽናም ይህን ድካም ነው ብሎ ነቀፈው። ይሁን እንጂ ይኸው ክሪሽና ኋላ የሚወደውን ሰው ሲገልጽ ርኅሩኅነትን ይቈጥራል። እንግዲህ ማዘንና መራራት አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ልዩነቱን ያጠሩት ቡድሂስቶች ናቸው። ርኅራኄን «ካሩና» ይሉታል፤ ይኸውም ለሌላው በጎ ከመመኘት፥ በሌላው ደስታ ከመደሰትና ከተረጋጋ ልብ ጋር ከአራቱ ታላላቅ የልብ ጠባዮች አንዱ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ቡድሃጎሳ ካሩና ሁለት ጠላቶች እንዳሉት ያስተምራል፤ የሩቁ ጠላት ጭካኔ ሲሆን የቅርቡ ግን ኀዘን ነው። የቅርቡ ጠላት ርኅራኄን ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል፤ ሰው አልቅሶ ሲጨርስ የረዳ ይመስለዋልና።

ንጉሥ አሶካን እንመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 ገደማ ካሊንጋን ወግቶ ያዘ፤ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍም 100,000 ሰዎች መገደላቸውን፥ 150,000 መጋዛቸውን ገልጾ ተጸጸተ። ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና አቆመ፥ በየመንገዱም ጕድጓድ አስቈፈረ፥ ዛፍ አስተከለ። ይህ በእውነት ከእንባ ይበልጣል። ነገር ግን ካሊንጋን አልለቀቀም፤ የጸጸቱንም ጽሑፍ በካሊንጋ ምድር ካስቀረጻቸው ዐዋጆች መካከል አላስገባውም።

የሚታዘንለትስ ሰው ምን ይላል? ዶክተር አምቤድካር «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ተወልደው የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1950 እ.ኤ.አ. የጸናው ይህ ሕግ በ17ኛው አንቀጹ አለመነካትን ሻረ። እርሳቸው ግን በዚህ ሳይወሰኑ በ1956 እ.ኤ.አ. በናግፑር ከመቶ ሺዎች ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂስት ሆኑ። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ ከላይ ሆኖ የሚያዝን ሰው የሚያዝንለትን ከታች እንደሚያስቀረው ነው። ወገኖቻቸው የፈለጉት እኩልነትን እንጂ ምጽዋትን አልነበረም።

ነገሩ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። አባ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በረላም ወይዋሴፍ» መሠረቱ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ የይዋሴፍም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ንጉሥ አባቱ መከራን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ከልሎ ያሳደገው ልጅ አንድ ቀን ወጥቶ ዕውርንና ሽማግሌን አየ፤ ካየም በኋላ እንደ ቀድሞው ሊኖር አልቻለም።

እኛም በግቢያችን አጥር ውስጥ ስለ ድኻው ሕዝብ ብዙ እንናገራለን፤ አንጀታችንም ይበላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከዚህ ወጥተን ወንበር ስንይዝ፥ ያ ድኻ በቢሯችን ደጃፍ ቆሞ ይጠብቅ ይሆን፥ ወይስ አጠገባችን ይቀመጥ ይሆን? የርኅራኄያችን መለኪያ ይህ ይመስለኛል።